ከዘር ስንዴው የወጡት እንግዶች

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመኮሮኒ ፌስታል ስትቀድ አንዲት ሚጢጢ ነገር ብር ብላ ወጣች። «እማ፣ ቢራቢሮ!» አለችኝ። «አይደለችም፣ የእሳት እራት ናት» አልኳት። ይህን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት አይደለም።

የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። ወንድሜ ጀማል ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ሮቤ ባለው ቤታችን እኔና እናታችን ብቻ ቀርተናል፤ አዮ ነበር የምንላት። እኔ በዚያ ሰሞን እንደ ደነዘዘ እግር ነበርኩ፤ ቢቆነጥጡኝም አይሰማኝም። የገብስ ገንፎ በቅቤ ይቀርብልኛል፣ እበላለሁ፤ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ቤቱን ትንንሽ ክንፋሞች ሞሉት። እኛ ዘንድ ቢራቢሮ ቤት ከገባ እንግዳ ይመጣል ይባላል። መጥረጊያ ሳነሳ አዮ ጮኸችብኝ።

«እንዳትነኪያቸው! ጀማል መንገድ ላይ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

እኔ ግን ከየት እንደሚወጡ አይቻለሁ፤ ጥግ ከቆመው የዘር ስንዴ ጆንያ ነው። እጄን ብከት ፍሬው ቀለለኝ። እሱ ካለቀ የምንዘራው የለንም።

«አዮ፣ አውጥተን እናስጣው።»

«እንግዳው ሳይደርስ ምልክቱን ልታባርሪ ነው? ተይው ብያለሁ!»

አንዷን በክብሪት ቀፎ ይዤ ሲናና ወረዳ ወዳለ የማውቀው የእርሻ ባለሙያ ሄድኩ። ግራና ቀኝ የታረሰው መሬት ዘር ይጠብቃል። ሰውየው በማጉያ መነጽር አሳየኝ። መልኳ ገለባ፣ ቁመቷ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፤ የኋላ ክንፏ ጫፉ ሾሎ፣ ዙሪያው ሐር በመሰለ ጸጉር ተከቧል።

«ቢራቢሮ ስታርፍ ብዙውን ጊዜ ክንፏን ወደ ላይ ትገጥማለች» አለኝ። «ይቺ ጀርባዋ ላይ ነው የምታጥፈው። የእሳት እራት ወገን ናት፤ ከእነሱም የእህሏ።»

«ከየት መጣች?»

«ከየትም አልመጣችም፣ እህቴ። ትል ሆና ፍሬውን ከውስጥ በልታ፣ ክንፍ አውጥታ፣ ቀዳ ወጣች። ዛሬውኑ ፀሐይ ላይ አስጡት።»

ለአዮ እንዴት ልንገራት ብዬ እንኳ አልተጨነቅኩም። የገበያ ዋጋ እንደምነግራት ነገርኳት፤ «ከውጭ የመጡ አይደሉም። እዚሁ ቤታችን ነው የተወለዱት።»

ወደ ጆንያው ዞረች። «ጀማልስ የተወለደው የት ነው፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ?» አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ተነስታ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘች። «በይ ያዢ፣ ከባድ ነው።»

ሸራ ላይ አፍስሰን አሰጣነው። የተረፈውን ዘራን። ጀማል አልመጣም። መርዶው ሲነገር አዮ አለቀሰች፣ እኔ ሻይ ቀዳሁ።

ጎረቤቶቼ ዛሬም ሲያነሱት «አንቺ እኮ ብርቱ ነበርሽ» ይሉኛል። ብርታት አልነበረም። አዮ በያዘችው የጆንያ ጫፍ ስንዴውም ተስፋዋም ነበሩ፤ በእኔ በኩል የነበረው ስንዴ ብቻ ነው።