ጋሽ ግራም ወንበር ላይ የተቀመጡ ዕለት

ጋሽ ግራም የሚሏቸው ሰውዬ ዳቦ ገዝተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጠረጴዛው ሳይሆን ወደ ሚዛኑ ነው። ዳቦው ከጎደለ ይመልሱታል። ካልጎደለ ደግሞ ይባስ ይጠረጥራሉ፤ «ዛሬ ምን አይቶ ሞላልኝ?» ይላሉ። ባለቤታቸው በሠርጉ ቀን ስንት ኪሎ እንደነበሩ እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል። የአሁኑን ግን አይጠሩም። ሞኝ አይደሉም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሲሚንቶ ፋብሪካ በር ላይ የጭነት መኪና ሲመዝኑ ኖረዋል። ስንቱን ጉድ አዩ! ባዶውን ሲመዘን ወንበሩ ሥር ድንጋይ ደብቆ ሲሚንቶ ጭኖ ሲወጣ የሚጥል አለ። ረዳቱን እንደ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ የሚውልም አለ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ተረት ነው፤ ለእሳቸው የሥራ መመሪያ ነው።

ጡረታ ሲወጡ እሁድ እሁድ ለፍቅሩ ብቻ መኪና የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች ክበብ «ሚዛናችንን ይያዙልን» አላቸው። የክበቡ ሕግ አጭር ነው፤ መኪናው ከነነጂው፣ ውድድሩን ጨርሶ እንደመጣ፣ ከስምንት መቶ ኪሎ ማነስ የለበትም። ካነሰ ውጤቱ ይሰረዛል። ቀላል መኪና ይፈጥናላ! ሕጉ ባይኖር ሰው በሩንም ወንበሩንም ነቅሎ፣ ቢችል ራሱንም ቤቱ አስቀምጦ ይመጣ ነበር። ቤንዚንም እየተቃጠለ ስለሚያልቅ ጨዋ ሰው አሥር አሥራ አምስት ኪሎ ትርፍ ይዞ ይመጣል።

አማቻቸው ብቻ ትርፍ አያውቅም። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ የአንዲት ልጃቸው ባል፣ ዝምተኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር፤ ስምንት መቶ ሁለት። ስምንት መቶ አንድ። ስምንት መቶ ሁለት። ጋሽ ግራም ቁጥሩን ባዩ ቁጥር መኪናውን ዞረው ያዩታል። እንዲህ የሚገጥም ነገር ሠላሳ ዓመት አላዩማ፤ ካዩም ሌባ ነው።

ፈተሹት። ሄልሜቱን ተቀብለው እንደ ሐብሐብ አንኳኩት። ጫማውን አስወለቁት። የውኃ መያዣውን አሸተቱ። ወንበሩን በመርፌ ወጉት።

«አባዬ፣ ባሌን ነው እንደ ሻንጣ የምትበረብረው?» አለች ልጃቸው።

«ሻንጣ ቢሆንማ ዚፕ ይኖረው ነበር፣ ልጄ።»

ሚዛናቸውንም ጠረጠሩ። በየጎማው ሥር የሚገቡትን፣ ድምሩን አንዱ ላይ በትንሽ ቁጥር የሚያሳዩትን አራት ጠፍጣፋ ብረቶች ጠዋት ጠዋት ልኩ በታወቀ ብረት ይፈትሿቸዋል። ሁሌም ልክ ናቸው። «ሚዛኔ አይዋሽም» ይላሉ፤ በዚህ ቃላቸው ነው ሰው የሚያውቃቸው፣ ሌላ ሀብት የላቸውም።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ደረሰ። አማቻቸው ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው። የዚያን ቀን ግን የጋሽ ግራም ጉልበት አብጦ ዳቦ አክሎ ነበር። ልጃቸው ወንበር አምጥታ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሦስተኛ የወጣው መኪና ተመዘነ፤ ስምንት መቶ ዘጠኝ። ሁለተኛው፤ ስምንት መቶ ስድስት። አለፉ።

አማቻቸው አንደኛ ወጥቶ እየሳቀ ወደ ሚዛኑ ገባ። ጋሽ ግራም ዝቅ ካለው ወንበራቸው አንገታቸውን አስግገው ከጎማው ሥር ቁጥሩን አዩ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ።

ሰባት መቶ ዘጠና አምስት።

የአማቻቸው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጋሼ፣» አለ ከመኪናው ውስጥ፣ «ምናለ እንደ ሁልጊዜው ቢመዝኑት?»

ጋሽ ግራም ቀስ ብለው ዞሩ። «እንደ ሁልጊዜው ማለት?»

«ማለቴ… ቆመው።»

«እኔ ስቆም መኪናህ ይወፍራል?»

አማቻቸው አንገቱን ደፋ። ጋሽ ግራም የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ተነሱ፣ እንደ ልማዳቸውም ቆሙ። ጎማው የሚሸፍነውን ትንሽ ቁጥር ለማየት ጎንበስ አሉ፤ ሲጎነበሱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግራ እግራቸውን የብረቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ቁጥሩ ስምንት መቶ ሁለት አለ። እግራቸውን አነሱ፤ ሰባት መቶ ዘጠና አምስት። አሳረፉ፤ ስምንት መቶ ሁለት።

ጠዋት ሲፈትሹ ጎማ ስለሌለ ቁጥሩ ከቆሙበት ይታያል፣ መጎንበስ የለም። ለዚህ ነው ሚዛኑ ጠዋት ልክ፣ ከሰዓት ውሸታም የሆነው።

ከኋላ አንድ መካኒክ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ ሌባውን አገኙት! ጫማው ቁጥር አርባ ሁለት ነው!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ግራም አልሳቁም። ሁለት ዓመት የሰው ጫማ ሲያስወልቁ የራሳቸውን አላዩም፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄው ነው። ከዚህ በኋላ «ሚዛኔ አይዋሽም» ብለው በየት አፋቸው?

«መቼ ነው ያወቅከው?» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቆየ፣ ጋሼ። ሌላ ቦታ አስመዝኜው ከእርስዎ ቁጥር ሰባት ኪሎ አነሰብኝ። እዚህ ሲመዝኑ በደንብ አየሁዎት። ከዚያ ከመኪናው ላይ ሰባት ኪሎ ብረት ፈታሁ።»

«ልጄን ከማግባትህ በፊት ነው በኋላ?»

«…በፊት።»

ልጃቸው ዞር ብላ ባሏን አየችው። እሷም የአባቷ ልጅ ናት።

«ኧረ አንቺ!» አለ ባሏ፣ «ለሰባት ኪሎ ብሎ የሚያገባ ሰው አለ?»

«እስቲ እናያለን» አለች።

የክበቡ ሊቀመንበር ተጠግቶ ሹክ አላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢቆሙም ባይቆሙም ሌሎቹ ሁለቱ አልፈዋል። የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እግርዎን ያሳርፉና እንለፈው።»

ጋሽ ግራም መዝገቡን አምጡ አሉ። በአማቻቸው ስም አንጻር «795፣ ተሰርዟል» ብለው ጻፉ። ዋንጫው ለሁለተኛው ሄደ። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው በትልልቁ አከሉ፦ «እስከ ዛሬ ቆሜ በመዘንኩት ሁሉ ላይ የእኔ እግር አለበት። ይመርመር።» ፈረሙ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሁለቱንም እግራቸውን ከወንበሩ ሥር አጣጠፉ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

ቤት ሲገቡ ማንንም አላነጋገሩም። የሰው መመዘኛውን ከአልጋው ሥር ጎትተው ጎንበስ አሉና ግራ እግራቸውን አሳረፉ። ሰባት ኪሎ። ደገሙት። ሰባት፤ ግራም አላነሰ፣ ግራም አልተረፈ።

«ምን ታደርጋለህ አንተ ሰውዬ?» አሉ ባለቤታቸው ከበሩ።

«አማችሽ» አሉ ጋሽ ግራም ቀና ሳይሉ፣ «ሌባ ነው። ግን ሚዛን ያውቃል።»

ባለቤታቸው ጠጋ ሲሉ ደግሞ የእሳቸውም እግር እንዳይኖርበት ከመመዘኛው ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ አዩ።