ስድስት ወር መቆየት የነበረባት ጥርስ

የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ባልደረቦች ጥሩምቤ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ትራምፔት ነፍቷል፤ ሙሽራም ሸኝቷል፣ አስከሬንም ሸኝቷል። ከመድረክ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጣቶቹን ያደንቅለታል። እሱ ግን ሙያው ያለው ከላይ ባለችው አንዲት የፊት ጥርስ ላይ እንደሆነ ያውቃል፤ ከንፈሩ የሚደገፈው እሷን ነው። እሷ ከሄደች ድምፁ የለም፤ ድምፁ ከሌለ ወንበሩ የለም፤ ወንበሩ ከሌለ ደግሞ እሱ ራሱ ምን እንደሚሆን ለማሰብ እንኳ ይፈራ ነበር።

የተመታችውም ያቺው ጥርስ ናት። አንድ ጠዋት በክፍት መኪና ላይ ቆመው እየነፉ በዋናው መንገድ ሲያልፉ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ የትራምፔቱ መንፊያ ከጥርሱ ጋር ተላተመ። ደሙን ዋጥ አድርጎ ዜማውን ጨረሰ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ነፊዎች እንዲህ ናቸው፤ እግራቸው ቢሰበር ሰፈር ይሰማል፣ ጥርሳቸው ቢነቃነቅ ግን ለሚስታቸውም አይነግሩም። ከኋላ ወንበር ያለው ሰው ቦታቸውን ሊወስድ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃላ!

ጥርሷ በዓመቱ ጠቆረች፣ ቀጥሎ መነቃነቅ ጀመረች። ያኔ ነው መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የጥርስ ኢንሹራንስ የገባው። ጥሩምቤ ደስታውን አልቻለውም። የሰው ኃይል ክፍሉ ጸሐፊ ጋ ሄዶ አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ጥርስ ይሸፍን እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐፊው ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን ያበላሸውም ደግነቱ ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ውሉን አንድ በአንድ አነበበለት።

«ይሸፍናል፤ ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው» አለው። «ከዚያ በፊት የወጣ ጥርስ ቀድሞም እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። እሱን አይተኩልህም።»

«ስድስት ወር አፌ ውስጥ ከቆየችስ?»

«ከቆየችማ ይተክሉልሃል። ብቻ እንዳታስነጥስ!»

አብረው ሳቁ። ያ ሳቅ ኋላ ላይ ጸሐፊውን እንቅልፍ ነስቶታል።

በሁለተኛው ወር ድዱ አበጠ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ነገር አታለባብስም። በመሣሪያዋ ጫፍ ነካ ስታደርገው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ሥሯ መግል ይዟል። ዛሬ ትነቀል።»

«ከአራት ወር በኋላ ልምጣ?»

«መግሉ አራት ወር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅዎት ይመስልዎታል?»

«እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። በሄድኩ ቁጥር ካርዴ ላይ «ትነቀል» ተብሎ ይጻፋል፣ ኢንሹራንሶቹም ያንን አንብበው «ቀድሞውንም የሞተች ናት» ይሉኛል ብሎ ፈራ። ብልጥ መሆኑ ነው እንግዲህ! ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ የሰፈሩ ፋርማሲ ሆነ። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ ጥርሷን ከጎረቤቷ ጋር በቀጭን የናይለን ክር ያስራታል። ልምምድ ላይ መንፊያውን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ፣ ከፍ ያሉትን ድምፆች እየዘለለ ይነፋል። የባንዱ መሪ አንድ ቀን ቀና ብሎ አየውና የኖታውን ገጽ ገለጠ። ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክሩን የሚወስደው ከሷ ሣጥን ነው። መጀመሪያ የክሩን ማነስ አየች፣ ቀጥሎ ሽታው መጣ።

«አንተ ሰው፣ አፍህ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቷል» አለችው ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ።»

«ለምኑ ነው ሦስት ሳምንት? ለመቃብር?»

«ለትራምፔቴ።»

ተነስታ እጇን ጉንጩ ላይ ብታሳርፍ ይፋጃል። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በልጆቻችን ይዤሃለሁ አለችው። እሱ እቴ! ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ከታች ሲገፋው እንኳ የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነበር። ፈራች። ባሏ ዓይኗ እያየ በየቀኑ ያልቅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀኑ በመቅረቡ ደስ ይለዋል።

ቀኑ ደረሰ። ጥርሷ አለች። ጥሩምቤ ከረባቱን አስሮ፣ ጸሐፊው አስፈርሞ የሰጠውን የኢንሹራንስ ደብዳቤ በደረት ኪሱ ይዞ፣ ከሚስቱ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ሄደ። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠውም ቢሆን ኩራቱ ሌላ ነበር።

«ይኸው፣ ፈቅደዋል» አላት ገና ሳይቀመጥ።

ሐኪሟ ደብዳቤውን አላየችም። ጉንጩን ነው ያየችው። ክሩን ፈታችና ጥርሲቱን በሁለት ጣቷ ያዘቻት፤ መጎተት እንኳ ሳያስፈልግ እጇ ላይ ቀረች። ከዚያ ራጅ አነሳችው። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለችው። አጥንት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ነበር፤ በግራም በቀኝም ባሉት ጥርሶች ሥር ገብቶ ወደ ላይ ወጥቷል።

«ጋሼ፣ የሚተከለው ጥርስ ብሎን ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ብሎን የሚይዘው አጥንት ይፈልጋል። የእርስዎን አጥንት መግሉ በልቶታል። እነዚህ ሁለቱም ይወጣሉ። ዛሬውኑ ደግሞ ሆስፒታል መግባት አለብዎት፤ ወደ ዓይንዎ እየሄደ ነው።»

«ፈቅደዋል እኮ» አለ።

«ያኔ ነቅዬልዎት ቢሆን አጥንቱ ይተርፍ ነበር።»

ደብዳቤውን እንደገና ዘረጋላት። ሚስቱ ከእጁ ወስዳ አጠፈችውና ክንዱን ያዘች። ሊነሳ አልፈለገም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንዳደረገው፣ ከንፈሩን ሰብስቦ ነፋ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«በቃ፣ ተነስ» አለችው ሚስቱ እያለቀሰች።

እሱ ግን ደግሞ ነፋ።