መፈተሻው እምቢ ያለ ቀን

ፀጋው አያቱ ለባቡር ሥራ መጥተው ጅቡቲ የቀሩ፣ እሱም በኤሌክትሪክ ጥገና የሚተዳደር፣ በትንሹም በትልቁም ቱግ የሚል ሰው ነው። መሣሪያ ቀይ መብራት ካሳየው አመሉ ተነሣበት ብሎ ይሰድበዋል፤ አጥፍቶም ያስነሳዋል።

ያን ቀን ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የእትዬ ዙለይካን የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ኬብል ሊፈትሽ ሄደ። ዋናውን ማጥፊያ በገዛ እጁ አጠፋ። መፈተሻ መሣሪያውን በመቆንጠጫው ከኬብሉ ጋር አያይዞ ቁልፉን ቢጫን ግን ቀዩ በራና «መስመሩ ላይ ኃይል አለ፤ ፍተሻው አይጀመርም» የሚል ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ወጣ።

«ምን ኃይል አለ? እኔ ራሴ አጥፍቼው!» አለ። መሣሪያውን ዘግቶ ከፈተው፤ ያው ነው። ላቡ ዓይኑን እያቃጠለው በጥፊ መታው፤ አሁንም ያው ነው።

አብሮት የመጣው የሥራ ጓደኛው ከይረዲን «መቆንጠጫው በደንብ አልያዘ ይሆናል» አለና ጓንቱን አውልቆ ወደ ኬብሉ ጎንበስ አለ።

ፀጋው ሌላ ስድብ እያዘጋጀ ሳለ፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚንደቀደቅ ድምፅ ጆሮው ገባ። ጄነሬተር ነው! ቅድም ሲመጡ ድምፁ አልነበረም፤ ዋናው ቢጠፋም ኬብሉ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ነው። ለካ መሣሪያው የሚናገረው ስለ ራሱ ሕመም ሳይሆን ስለ ኬብሉ ኖሯል።

«እጅህን!» ብሎ ጮኸ። ከይረዲንን በኮሌታው ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትተው ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ።

እትዬ ዙለይካ የአየር ማራገቢያ ቬንቲላተር ታቅፈው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን ጣላችሁ? በዚህ ሙቀት እንዳትሞቱብኝ ብዬ እኮ ነው ጄነሬተሩን ያስነሳሁት።»