ታማኝነትዎ ወደ ዜሮ ወርዷል

መንበረ ሰው ትንቃለች። ይኼንን ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሷም አትደብቀውም። ሽቶ ሊገዛ መጥቶ ጠርሙሱን ሁሉ አሽትቶ የሚሄደውን ትንቃለች። አንዲት ቅባት ገዝታ «መርቂልኝ እንጂ!» እያለች ሌላ ግማሽ ቅባት የምትለምነውን ትንቃለች። የሰሊጥ ዋጋ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሲወርድ ጎንደር ሄዶ የሚደበቀውን ባለ ሀብትማ ከሁሉ አብልጣ ትንቃለች። በልጅነቷ ከደጋ ወርዳ ለእርሻ ሠራተኛ ወጥ ስትሠራ፣ ኋላም ከመተማ ዮሐንስ የሱዳን ሽቶ በዘንቢል ተሸክማ በየቤቱ ስታዞር ያላየችው የሰው ጠባይ የለም። አይታ አይታ ነው የናቀችው።

የማትንቃት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ አበልጇ የዓለምወርቅ። ኹምራ የሚሉትን፣ የሱዳን ሴቶች ለባላቸው የሚቀቡትን ሽቶ፣ መጀመሪያ የገዛቻት እሷ ናት። መንደሩን ሁሉ «ከመንበረ ግዙ» ብላ ያመጣችላት እሷ ናት። መንበረ ሴት ልጅ ስትወልድም ክርስትና ያነሳችላት እሷው። መንበረ እዚህ ቆላ ውስጥ እናት ብትል እህት ብትል፣ ያለቻት የዓለምወርቅ ነበረች።

ድንበር ማዶ ጦርነት ሁኖ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ መንበረ ንግዷን ወደ ስልክ አዞረች። ቴሌግራም ላይ «መንበረ ሽቶ» ብላ ሱቅ ከፈተች። ፎቶ ትለጥፋለች፤ ያዘዘው ሰው ከተማ ውስጥ ከሆነ በባጃጅ፣ ራቅ ካለ በሚኒባስ ትልክለታለች። ደህና ሄደላት። ደህና የሄደ ነገር ደግሞ ዝንብ አያጣምና አሸናፊ መጣ።

አሸናፊ ማን መሰላችሁ? እዚሁ መናኸሪያ ላይ ከወሎና ከጎጃም የመጣውን የቀን ሠራተኛ እንደ ከብት እየነዳ ለባለ እርሻ ሲያስረክብ የኖረ ደላላ! አሁን ወኪል ሁኗል አሉ፤ ለኦንላይን ሱቆች የደንበኛ ታማኝነት ፕሮግራም የሚሠራ የአንድ ሶፍትዌር ኩባንያ ወኪል። የኩባንያው ስም እንግሊዝኛ ነው፤ ራሱ አሸናፊም በአንድ ትንፋሽ አይጨርሰውም። ኮት ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ከች አለ። በገንዳ ውሃ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ ሊያታልል መጥቷል።

«እትዬ መንበረ፣ ደንበኛ ማለት ዛሬ አለ ነገ የለም» አላት፣ ላፕቶፑን ሽቶዎቹ መሀል ዘርግቶ። «እኛ በገዛ ቁጥር ነጥብ እንሰጠዋለን። ነጥቡ ሲጠራቀም ስጦታ ያገኛል። ከጠፋ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ በእርስዎ ስም መልእክት ይልክለታል።»

«ነጥብ ይበላል?»

«አይበላም። ግን ያጓጓል።»

«ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!» ብላ ሳቀችበት።

ሳቀችበት እንጂ ነገሩ ልቧ ገብቷል። ከዚያ «መርቂልኝ» ከሚሉት ጭቅጭቅ መገላገል አማራት። ከእንግዲህ ለማኙን ሁሉ «ነጥብሽን ጠብቂ» ብላ ልትሸኝ ነው! አሸናፊ ለደንበኞች የሚላኩትን መልእክቶች እንድታነባቸው ስልኩን ሰጣት። ረዥም ነበር። ማን ያንን ሁሉ ያነባል? «ይሁን፣ ይሁን» ብላ ወደ ታች ወረደችና «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች። የደንበኞቿንም ስልክ ቁጥር ሰጠችው፤ አበልጇን ከሁሉ አስቀድማ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ የአበልጇ ባል አንዱአምላክ አብርሃ ጅራ ከሚባለው የእርሻ አገር ተመለሰ። የትራክተር ኦፕሬተር ነው፤ ከክረምት ጀምሮ እርሻ ላይ ነው የከረመው። ሰውየው ደግ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ግን ቅናቱ! ሚስቱ ለባጃጅ ነጂ «እግዜር ይስጥልኝ» ብትል፣ ባጃጁ ከዐይኑ እስኪጠፋ ቁሞ የሚያይ ሰው ነው። ምሳ ሊቀርብ ሲል የሚስቱ ስልክ ጮኸ። እጇ ሽንኩርት ይዞ ነበርና «እስቲ እየው» አለችው። አየው።

«ውድ የዓለምወርቅ፣ ታማኝነትዎ ወደ ዜሮ ወርዷል። ጠፉብን! ዛሬውኑ ይምጡ፤ ልዩ ስጦታ ይጠብቅዎታል። መንበረ።»

እንግዲህ ፍረዱ! አገር ሙሉ ቃል እያለ፣ «ደንበኝነት» የሚባል ቃል እያለ፣ ይኼንን ለባለ ትዳር ሴት የሚልክ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው?

«የገዛ አበልጅሽ መሰከረችብሽ!» ብሎ አንዱአምላክ ብድግ አለ።

«ኧረ የሱቅ ነው፣ በእናትህ!»

«የሱቅ ከሆነ ስለ ሽቶ ያወራል እንጂ ስለ ታማኝነትሽ ምን አገባው? ደግሞ አንቱ ብላሻለች! ሰው አበልጁን አንቱ የሚል ሲቀየማት ነው። ሥራሽን አይታ ነው የተቀየመችሽ! ስጦታውስ? ማነው ስጦታ ይዞ የሚጠብቅሽ?»

ምሳውን ሳይነካ ልብሱን ሰብስቦ አጎቱ አያ ዘሩ ቤት ገባ።

መንበረ ወሬውን ስትሰማ ሱቋን ሳትዘጋ ወደ አያ ዘሩ ቤት ሮጠች። ያ ትዳር ቢፈርስ ሰበቡ እሷ ናት፤ አበልጇንም አጣቻት ማለት ነው። ሰው ስትንቅ የኖረች ሴት አንዱአምላክ እግር ላይ ወደቀች።

«እኔ አልጻፍሁትም፣ ኮምፒዩተር ነው!»

«ስምሽ እኮ ነው ያለበት!» አለ አንዱአምላክ፣ ፊቱን አዙሮ።

አያ ዘሩ ነገር አዋቂ ናቸው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እስቲ ጻፈ የምትሉትን አምጡልኝ፤ የዓለምወርቅም ትምጣ» አሉ።

አሸናፊ ኮቱን ለብሶ መጣ። ከሱ የሚፈለገው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ያበላሸነው እኛ ነን፣ ይቅርታ» ማለት። አንዲት ቃል! መንበረ በዐይኗ ለመነችው። እሱ ግን ባጁን አስተካከለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቴ፣ ሲስተሙ አይሳሳትም።»

«ምን ማለትህ ነው፣ ልጄ?» አሉ አያ ዘሩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ባሕሪዋን ሲከታተል ነበር። የደንበኛ ታማኝነት ከቀነሰ ሌላ ጋ እየሄደች ነው ማለት ነው። ይኼ በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

«ሌላ ጋ?» አንዱአምላክ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ሌላ ጋ። ብዙ ጊዜም የተሻለ ስጦታ የሚሰጣት ጋ ነው።»

በስመ አብ! መንበረ ልታንቀው ምንም አልቀራት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የዚህ ግን ቢከፈትም የሚታይ ነገር የለው! የሰው ትዳር ሲፈርስ እያየ ለኩባንያው ጥብቅና የሚቆም!

ይኼኔ ጥግ ላይ የተቀመጠችው የዓለምወርቅ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«አንተ ባለ ኮት፣ ምን ሳልገዛ ቀረሁ አለ ኮምፒዩተርህ?»

«ኹምራ» አለ አሸናፊ ላፕቶፑን አይቶ። «ሦስት ወር።»

«ኹምራ ለምን እንደሚቀቡት ያውቃል?» ወደ ባሏ ዞረች። «ሦስት ወር እርሻ ላይ ነበርህ። አንተ ከቤት የለህ። ለማን ልቀባው?»

አንዱአምላክ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። አያ ዘሩ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ አልሆነላቸውም፣ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ኸላስ! አለቀ!» አሉ እንደ ሱዳን ነጋዴ። «ተነስ አንተ፣ የሚስትህን እግር ሳም። አንተም ባለ ኮት፣ ውጣልኝ ከቤቴ!»

አሸናፊ ላፕቶፑን አቅፎ ወጣ። በሩ ላይ ቁሞ እንኳ «እንዲህ ከሆነ ወቅታዊ ደንበኛ በሚለው ማስገባት ይቻላል» ይላል!

መንበረ አበልጇን ተከትላ ደጅ ወጣች። «አየሽልኝ ያንን ደደብ? አየሽልኝ?» ብላ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

የዓለምወርቅ አላቀፈቻትም።

«እሱስ ደደብ ነው። አንዱአምላክም ቀናተኛ ነው፤ አውቄው ነው ያገባሁት። አንቺ ግን፣ ስልኬን ስትሰጪው ምን ብሎ እንደሚጽፍብኝ አይተሻል?»

«ረዥም ነበር» አለች መንበረ። «አላነበብሁትም።»

«ሰው እንዲህ እንደምትንቂ አውቃለሁ፤ አገር ያውቃል። እኔን ግን አትጨምሪኝም ብዬ ነበር።» ባሏ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቃታል። ነጠላዋን አጣፍታ ወደሱ መንገድ ጀመረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች።

«እሁድ የክርስትና ልጄን ላኪልኝ፤ ከኔ ጋር ትዋል። አንቺ አትምጪ።»