የአውሮፕላኑ ሆድ ቀለም

ክሮይደን ካለው የእንግሊዝ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ መልስ እጠብቅ በነበረበት ዓመት አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም ነበር። ጥገኝነት ጠይቄ ፎርሙን ሞልቼ አስገብቻለሁ። ሥራ በሚለው መስመር ላይ «ቤት ቀቢ» ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። አገር ቤት የምቀባው የጦር አውሮፕላን ነበር።

ፖስታ ሳይመጣ ሲቀር ከምኖርበት ከኬንቲሽ ታውን ተነስቼ እግሬ ወደመራኝ እሄዳለሁ። እንዲህ ስዞር ነው አንድ ቀን በባቡር ድልድይ ሥር ካለ ወርክሾፕ በር ላይ «እጁ የማይንቀጠቀጥ ቀቢ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት ያየሁት።

ባለቤቱ ሰማንያ ያለፋቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ገና በጉርምስናቸው፣ በጨርቅ የተለበጡ የአውሮፕላን ክንፎች ይቀቡ ነበር። አሁን ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ አውሮፕላን ለሙዚየም እያደሱ ነው፤ እጃቸው ግን አልጸና ብሏቸዋል። ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ ለእሳቸውም ቤት ቀቢ ነኝ አልኳቸው።

ሥራ ላይ ሆነው ማውራት ይወዳሉ። መጀመሪያ አውሮፕላኖቹ ቀለም ያልነካው ጨርቅ ነበሩ፣ ቅቤ የመሰሉ። መሬት ላይ ያለው ወታደር የማን እንደሆኑ ስለማያውቅ በወገኑም ላይ ይተኩሳል። ስለዚህ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ክብ ተሳለባቸው። ቆይቶ የክንፉ ጀርባ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት ቀለም ተቀባ፣ ከላይ የሚመጣ ጠላት ከማሳው እንዳይለየው። ሆዱ ግን ፈዛዛ ሆኖ ቀረ፣ ከታች ለሚያየው ሰማይ እንዲመስል። ጀርመኖቹ ደግሞ ጨርቁን ራሱን ጉራማይሌ አድርገው ያትሙት ነበር አሉኝ።

ጀርባውን ቀብተን ጨረስን። ክንፉን በገለበጥን ዕለት ብሩሹን ፈዛዛው ቀለም ውስጥ ሳልነክረው አስቀመጥኩት። ወጣሁ፤ እስከ ዌምብሊ በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። በማግስቱ ስገባ ሽማግሌው ሻይ ቀድተው ይጠብቁኛል። ቤት ሲቀባ የኖረ ሰው የቀለሙን ጠርዝ እንደዚያ አያለሰልስም፣ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የጄቶቹን ሆድ ፈዛዛ ሰማያዊ የምቀባው እኔ ነበርኩ። የቀባኋቸው ቦምብ ጭነው ወደ ሰሜን ይበራሉ፤ እህቴ ያለችውም ሰሜን፣ እናታችን መንደር ነው። ይህ ቀለም እኮ እህቴ ቀና ስትል አውሮፕላኑን እንዳታየው ነው የሚል ሐሳብ አንድ ቀን መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ለሥልጠና ውጭ አገር ስላክ በዚያው ቀረሁ።

ሽማግሌው የሻይ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ክሮይደን ያሉት ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ካወቁ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ሂድና ንገራቸው። እንዲህ ሆነህ መኖር አትችልም።»

ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው ቀና ሳይል ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ከፊተኛው ዓመት የባሱ ነበሩ። ምግብ ቀርቦልኝ ግማሹ ላይ እነሳለሁ፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሁለት ፌርማታ ሳልሄድ እወርዳለሁ። በዚያ መሐል ክንፉን ቀብቼ ጨረስኩ፣ እንደሚገባው ፈዛዛ አድርጌ። የመኖሪያ ፈቃዱም መጣ።

የእህቴ ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ከሱዳን። በሕይወት አለች። አገር ቤት ሳሉ አውሮፕላን ፈርተው ቀኑን ዋሻ ውስጥ ይውሉ እንደነበር ጽፋልኛለች። «ነጭ ከላይ ይታያል ስላሉን ነጠላችንን ሁሉ በጭቃ ውሃ ነከርነው» ትላለች።

ደብዳቤውን ለሽማግሌው እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ድገምልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው።

«የዚያ አገር አፈር ምን መልክ አለው?» አሉኝ።

ቀይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ያን ቀን ሁለታችንም ብሩሽ አልነካንም።