አበባ ያደረገው ሌባ

ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ለመዳር ደብረ ታቦር ተሰብስበን ነበር። ዲጄው ምሳ ሊበላ ሲነሣ ከአጠገቡ የቆመውን ሚዜ ትከሻ መታ መታ አደረገና «ወንድሜ፣ ዕቃዬን እይልኝ» አለው። የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። ሞቼ ልገኝ! ለሚዜ ዕቃ አደራ? ለጅብ ሥጋ አደራ እንደ መስጠት እኮ ነው።

ይህን የተማርኩት ድሮ ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ወንድሜ ኪቦርድ ይጫወታል፣ እኔ እዘፍናለሁ፤ ጥር በመጣ ቁጥር ከሠርግ ሠርግ እንዞራለን። ኪቦርዱን እናታችን ጊደሮቿን ሸጣ ነው የገዛችልን። እሱ ከጠፋ ሌላ የሚሸጥ ጊደር የለም። ስለዚህ ወንድሜ ሲበላ እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ስበላ እሱ። ሰው ማመን እንደሆነ ከድሮም አይሆንልኝም።

አንድ ቀን ገሳይ ከተማ፣ ሙሽሪት ቤት ልንዘፍን ተጠራን። በአይሱዙ አቧራችንን ስንቅም ደረስን። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ የዳሱን ሸራ ያርገፈግፈዋል፤ ጠላው ግን ወፍራም፣ ድንቹ በአዋዜ፣ አቤት ሲጣፍጥ! ዕቃችንን ዘርግተን ሳንጨርስ አንድ ሽማግሌ ወፍራም ጋቢ ተከናንበው መጡና ድምፅ ማጉያውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ስንዘፍን አያጨበጭቡ፣ ምግብ ሲታደል አይነሡ፤ ዐይናቸው ብቻ ይዞራል። ይሄ ጋቢ እንኳን ማይክሮፎን በግ ይደብቃል አልኩ በልቤ።

«አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አልኳቸው።

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ። እዚህ ስደገፍ ከበሮው በጀርባዬ ይገባል።»

ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ዘዴ ነው! አላመንኳቸውም።

ኋላ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገባ። በእኛ አገር ሚዜ ከሙሽሪት ቤት ዕቃ መስረቁ ወግ ነው፤ ብርጭቆ ይሁን ጭልፋ፣ ሲብስበትም ዶሮ ይዞ ይሮጣል፣ ሰው ይስቃል፣ ዕቃው ኋላ ይመለሳል። ወንድሜ ሊበላ ሄደ፤ እኔ የሽማግሌውን ጋቢ ስጠብቅ ሱፍ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ አበባ ያደረገ ወጣት መጣ። ገመዱን ነቅሎ ኪቦርዱን ትከሻው ላይ አወጣና ጠቀሰኝ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«የዘንድሮው ሚዜ ደግሞ ዐይኑን በጨው አጥቧል!» አለች አንዷ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያ ልጅ ከሙሽራው ጋር አልገባም። በጓሮ ነው የመጣ።»

«ተዉ እንጂ አባባ፣ አበባውን አያዩም?» አልኩና ዐይኔን ወደ ጋቢያቸው መለስኩ።

ወንድሜ ተመልሶ «ኪቦርዱስ?» ሲል ሚዜዎቹን ጠየቅናቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አያውቁም። አበባው ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ተጥሎ ተገኘ። ኪቦርዱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደና ኑሮውን እዚያው አደረገ። ዛሬም ሲደውል ስለ ዝናብ ያወራኛል እንጂ ሙዚቃ የሚባል ነገር አያነሣም። አንጀቴን ይበላዋል።

ሽማግሌውን እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው የበላውም የጠጣውም አበባ አየ፤ ሰው ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እናም ባለፈው እሑድ ሳህኔን ትቼ ተነሣሁ። ሄጄ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ የዲጄውን ድምፅ ማጉያ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ዲጄው አፉን እየጠረገ ተመለሰ። ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየውና፦

«እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አለኝ።

ጆሮዬ እንኳ ደኅና ነው።

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ» አልኩት፣ ዐይኔን ከሚዜው ላይ ሳላነሣ።