የአያ ሰይድ ግማሽ ኩባያ ውሃ

ትእዛዙ የደረሰን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቁስለኞቻችን የመርሳን መንገድ እስኪያልፉ ከግራና ከተማ በላይ ያለችውን ጉብታ ይዘን እንድንቆይ፣ አመሻሽ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ለቀን እንድንወጣ። አስራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ የጓድ መሪው እኔ። የጉብታዋን ስም ዛሬም አላውቀውም።

ልጆቼ ስለ ጀግንነት ይጠይቁኛል። እኔን የማይለቀኝ ጥማቱ ነው። ከሁለት ቀን ወዲህ ውሃ አላገኘንም ነበር፤ ከጀሪካኑ ግርጌ የቀረችውን ለሰው ግማሽ ግማሽ ኩባያ አካፈልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ መጡብን። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። መለስናቸው። ከእኛ አራት ሞቱ። ከእነሱ አንድ ቁስለኛ ከምሽጋችን አርባ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ወድቆ ቀረ። ሆዱን ይዞ ውሃ ይለምናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ለመነ። የወልድያው ሾፌር ጌታቸው ጆሮው አልችል አለና ልገላግለው ብሎ አነጣጠረ። አያ ሰይድ ናቸው አፈሙዙን በእጃቸው ወደ መሬት የመለሱት።

አያ ሰይድ የሀብሩ ገበሬ ናቸው፤ ሚሊሻ ሆነው የተቀላቀሉን፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ። ድርሻቸውን አልጠጡም ነበር። ኩባያቸውን ይዘው ሲነሱ ከለከልኳቸው። መጀመሪያ እንደ አለቃ ተቆጣሁ፤ ቀጥሎ እንደ ልጅ ለመንኳቸው።

በወሎ የቀብር ማኅበሩን ቅሬ እንለዋለን። እሳቸውም የመለሱልኝ በዚያው ነው።

«ቅሬ ሲጠራ እስላም ነው ክርስቲያን ተብሎ አይጠየቅም፤ ወጥተን እንቀብራለን። ቢሞት ወጥቼ የምቀብረውን ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ውሃ ብነፍገው፣ ለአላህ ምን እላለሁ?»

ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ወረዱ። ከማዶ ማንም አልተኮሰም። የሰውየውን ራስ ቀና አድርገው ቀስ እያሉ አጠጡት። ጌታቸው አጠገቤ ፊቱን አዞረ። ሊመለሱ ብድግ ሲሉ ተተኮሰ። ከየት እንደሆነ አላየሁም። ከቁስለኛው ጎን ወደቁ።

ጌታቸው ሁለቴ ሊወርድ ሞከረ። ሁለቴም ተኩሱ መለሰው፤ በሁለተኛው ክንዱን ተመታ። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። የአያ ሰይድ እጅ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። አይቻለሁ።

«እኔ ልቅር» አለኝ ጌታቸው።

ብቻውን ትቼው ብሄድ ሌላ ሰው እንደማጣ ነው ያሰብኩት። በደህና ክንዱ ጎትቼ ይዤው ወጣሁ።

ውርጌሳ ስንደርስ አዛዡ ስንት ሰው እንደሞተብኝ ጠየቀኝ። አምስት አልኩ።

መንገዱ ሲከፈት የአያ ሰይድ ቅሬ ወጥቶ ሁለቱንም አወረደ። ያንን ዘመድ የሌለውንም ሰው አልቅሰው ቀበሩት። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ባለቤታቸው አሟሟታቸውን ጠየቁኝ። ወዲያው ነው፣ አልተሰቃዩም አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ትእዛዝ ነበር ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ ነበር። ስድስት ሆነን ወጥተናል፤ እሱም እውነት ነው። በዚያ ቀን የሞቱብኝ ግን አራት ናቸው። አምስተኛውን ሳይሞቱ የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ።